ዌብሳይቴ 8 ወር ሆነው፤ የራሴን ስም ስጽፍ እንኳ ጎግል ላይ የለም

መፍቻ17፦
ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ የምወጣ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ግን ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው። የቤት ዕቃ እጠግናለሁ። የልብስ ማጠቢያ፣ ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ አልፎ አልፎ ቦይለር። እኔና አንድ ረዳቴ ብቻ ነን። ሥራ የሚመጣልን ሰው ለሰው ሲናገር ነው። አንድ ወር መተንፈሻ ይጠፋል፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ስልኬ ተበላሽቶ ይሆን እያልኩ ከረዳቴ ስልክ ደውዬ እሞክረዋለሁ።

ከ8 ወር በፊት ዌብሳይት አሠራሁ። የሠራልኝ ልጅ "በ2 ሳምንት ጎግል ላይ ትወጣለህ" ብሎኝ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ የሱቄን ስም ሙሉውን ስጽፍ መጀመሪያ የሚመጣው የፌስቡክ ገጼ ነው፣ ቀጥሎ ስሙ የሚመሳሰል ሌላ ድርጅት፣ ከዚያ ጭራሽ የማይገናኝ ነገር። እስከ 5ኛው ገጽ ድረስ ወርጄ ፈለግኩ። የለም። ልጁን ስጠይቀው "ኤስኢኦ አልገዛህም እኮ" አለኝ። እሱ ጎግል ላይ ከፍ ብለህ እንድትወጣ የሚሠራ ሥራ ነው፣ በየወሩ የሚከፈል ነው አሉ።

ልክፈል ወይስ ልተወው? እውነት እንደዚህ ነው የሚሠራው ወይስ እየተበላሁ ነው?

ነገረኛው፦
ተበልተሃል። ቀጣይ ጥያቄ።

ቀስ_በቀስ፦
ቆይ፣ አትፍረድበት። ልጁ ሌባ ላይሆን ይችላል፣ ረስቶ ሊሆን ይችላል። ሥራዬ ይሄው ስለሆነ በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው።

መፍቻ፣ ከኋላ መሰለፍና ሰልፉ ውስጥ ጭራሽ አለመኖር የተለያዩ ናቸው። ጎግል መጀመሪያ ገጹን ይጎበኛል፣ ከዚያ መዝገቡ ውስጥ ያስገባዋል (ኢንዴክስ የሚባለው እሱ ነው)፣ ሰው ሲፈልግ ደግሞ ከመዝገቡ እያወጣ ይደረድራል። ኤስኢኦ እየተባለ የሚሸጠው ነገር አብዛኛው ስለ መደርደሩ ነው። የራሱን ሙሉ ስም ጽፎ የማይወጣ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ መዝገቡ ጋ ነው፤ አልተመዘገበም።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ጎግል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል site ብለህ ጻፍ፣ ሁለት ነጥብ አድርግ፣ ክፍተት ሳትተው የዌብሳይትህን አድራሻ ቀጥልበት። ከአንተ ገጾች ውስጥ ጎግል የሚያውቃቸውን ያሳይሃል። ምን እንደመጣልህ ንገረን።

መፍቻ17፦
ሞከርኩት። ብዙ ነገር መጣ፤ የእኔ ግን አንድም የለበትም።

ቀስ_በቀስ፦
ብዙ ነገር መምጣት አልነበረበትም። ሁለት ነጥቡን በየትኛው ኪቦርድ ነው የጻፍከው?

መፍቻ17፦
በአማርኛው። ልዩነት አለው እንዴ?

ቀስ_በቀስ፦
አለው እንጂ 😄 ለዓይን አንድ ይመስላሉ፣ ለኮምፒዩተር ግን ሌላና ሌላ ምልክት ናቸው። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ቀይርና ድገመው።

መፍቻ17፦
አሁን "ምንም ውጤት አልተገኘም" አለኝ።

ቀስ_በቀስ፦
እንግዲህ ተገኘ። መዝገቡ ውስጥ የለህም ማለት ነው። ለዚህ በየወሩ የሚከፈል ነገር የለም።

ዌብሳይቱ የተሠራው በወርድፕሬስ ነው (ብዙዎቹ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት የዌብሳይት መሥሪያ ፕሮግራም)? ከሆነ በአስተዳዳሪ አካውንት ግባ፣ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሪዲንግ። ወደ ታች ስትወርድ የፍለጋ ሞተሮች ይህን ሳይት እንዳይመዘግቡ የሚጠይቅ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ሠሪዎች ሥራው ሳያልቅ ሰው እንዳያየው ምልክት ያደርጉባታል። ስታልቅ ማንሳት ነው። ብዙዎቹ ይረሳሉ።

መፍቻ17፦
የአስተዳዳሪ ፓስወርድ የለኝም። ልጁ ጋ ነው ያለው።

ጡረተኛው፦
እዚህ ላይ ልግባ። ልጄ፣ ፓስወርዱን ስትቀበል አንድ ነገር አብረህ ጠይቀው፦ ዶሜይኑ፣ ማለትም የዌብሳይትህ አድራሻ፣ በማን ኢሜይል ነው የተመዘገበው?

የማተሚያ ቤት ነበረኝ። ዌብሳይቱን የሠራልኝ ሰው ዶሜይኑን በራሱ ስም ነው ያስመዘገበው፤ እኔ አላወቅኩም፣ አልጠየቅኩም። የስም ኪራይ በየዓመቱ እንደሚታደስም አላውቅም ነበር። ማስጠንቀቂያው ሁሉ የሚሄደው ወደ እሱ ኢሜይል ነው። ሰውየው ሥራ ቀየረ፣ ኢሜይሉን ተወው። አንድ ቀን ጠዋት ደንበኛ ደውሎ "ገጻችሁ ላይ የማይሆን ማስታወቂያ ነው የሚታየው" አለኝ። ዶት ኮም የሆነ ስም ጊዜው አልፎ ከመዝገብ ከተሰረዘ በኋላ እንኳ ለ30 ቀን ያህል ባለቤቱ ጨመር አድርጎ ከፍሎ ማስመለስ ይችላል፤ ለዚያ ግን ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው ሰው መሆን አለብህ። እኔ አልነበርኩም። ቢዝነስ ካርዱ፣ ደረሰኙ፣ መኪናው ላይ የተጻፈው፣ ሁሉም የሰው አድራሻ ሆኖ ቀረ። የገዛ ማተሚያ ቤቴ ያተመውን ካርድ በገዛ እጄ በሳጥን ሰብስቤ ጣልኩ።

መፍቻ17፦
ጋሼ፣ ያሳዝናል። እጠይቀዋለሁ። አመሰግናለሁ።

መፍቻ17፦ (ከ2 ቀን በኋላ)
ፓስወርዱን ሰጠኝ። ገባሁ። ሴቲንግስ፣ ሪዲንግ፣ ወደ ታች።

ሳጥኗ ላይ ምልክት አለ።

8 ወር ሙሉ! እኔ በየቀኑ ስሜን እየጻፍኩ የምፈልገው የራሴ ገጽ ጎግልን አትግባ እያለው ነበር። ልጁን ደውዬ ነገርኩት። ዝም አለ፣ ከዚያ "ውይ" አለ። በጣም ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እኔም ብዙ አልተናገርኩትም፣ ልጅ ነው። ዶሜይኑም ጋሼ እንዳሉት በእሱ ኢሜይል ነበር። ወደ እኔ አዛውሮልኛል።

ነገረኛው፦
የመጀመሪያ ቃሌን በግማሽ አነሳለሁ።

ቀስ_በቀስ፦
በጣም ጥሩ። አሁን ሰርች ኮንሶል ውስጥ ተመዝገብ፤ ገጽህ ፍለጋ ላይ እንዴት እንደሆነ የሚያሳይህ የጎግል መሣሪያ ነው፣ ነፃ ነው። ዌብሳይቱ የአንተ መሆኑን ካረጋገጥክ በኋላ የገጽህን አድራሻ ከላይ ባለው ሳጥን አስገብተህ እንዲመዘገብ መጠየቅ ትችላለህ። ሳይትማፕ የሚባለውን የገጾች ዝርዝርም እዚያው ታስገባለታለህ፤ ወርድፕሬስ ራሱ ያዘጋጅልሃል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ቀናት ሊሆን ይችላል፣ ሳምንታትም ሊሆን ይችላል። አሥር ጊዜ መጠየቅ አያፋጥነውም።

መፍቻ17፦ (ከ9 ቀን በኋላ)
ወጣሁ! ስሜን ስጽፍ የመጀመሪያው ላይ እኔ ነኝ። ረዳቴ ፎቶ አንስቶት ስልኩ ላይ ስክሪን አድርጎታል 😂

ግን "ፍሪጅ ጥገና" ብዬ ስጽፍ የለሁም። "የልብስ ማጠቢያ ጥገና" ስልም የለሁም። ስሜን የሚያውቅ ሰው እኮ ስልኬንም ያውቃል። የሚያስፈልገኝ የማያውቀኝ ሰው ነው።

ሰያፍ፦
ግራፊክስ ነው የምሠራው፣ ገጹን በውስጥ መስመር ልኮልኝ አይቼዋለሁ። በፈቃዱ ነው የምናገረው፣ እንዳትቀየመኝ መፍቻ።

የመጀመሪያ ገጽህ አንድ ትልቅ ፎቶ ነው። ፎቶው ላይ የድርጅቱ ስም፣ "ጥራት መለያችን ነው" የሚል ጽሑፍ፣ ሥር ደግሞ ስልክ ቁጥር። ሁሉም የፎቶው አካል ነው። ማለትም ቁጥሩን በጣት ነክቶ መደወል አይቻልም፣ ኮፒ አይደረግም፣ በስልክ ሲታይ ደግሞ የመጨረሻዋ አሃዝ 3 ትሁን 8 ለመለየት ዓይኔን አጨንቁሬ ነው ያየሁት። ጎግልም ገጹን ሲጎበኝ የሚያነበው ጽሑፍ የለም። "ስለ እኛ" የሚለው ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ፤ እሱም "ዘመኑ ያፈራቸውን ቴክኖሎጂዎች በመጠቀም ለክቡራን ደንበኞቻችን" እያለ ይሄድና ፍሪጅ የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ የለበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፎቶው 6 ሜጋባይት ነው። ጎግል የገጹ ዋና ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይፈልጋል፤ የአንተ እስኪከፈት እኔ ሌላ ሥራ ጀምሬ ነበር። ፎቶ ወደ ዌብሳይት ስትጭን መጀመሪያ አሳንሰው፤ 200 ኪሎባይት ለአብዛኛው ከበቂ በላይ ነው።

ቀስ_በቀስ፦
ሰያፍ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ጎግል ዌብሳይት ሲመዝን የሚያየው በስልክ የሚታየውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ያስታወቀውን ሽግግር በ2023 ነው የጨረሰው። ስለዚህ ገጽህን በኮምፒዩተር ሳይሆን በስልክ፣ ይመረጣል ደከም ባለ ስልክ፣ ከፍተህ እየው።

አሁን አንድ የቤት ሥራ ልስጥህ። እስከ እሑድ ድረስ ደንበኛ ሲደውል መጀመሪያ የሚላትን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ጻፍ። አንተ የምትለውን ሳይሆን እሱ ያለውን። አታርመው።

ፈጣኑ፦
ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? ለኤአይ ንገረው፣ በአንድ ማታ 200 ገጽ ይጽፍልሃል። "ፍሪጅ ጥገና እዚህ ሰፈር"፣ "ፍሪጅ ጥገና እዚያ ሰፈር"፣ የሰፈሩን ስም ብቻ መቀያየር ነው። እኔ ለአንድ ሰው ሠርቼለት በ3 ሳምንት ትራፊኩ (ገጹን የሚከፍተው ሰው ብዛት) ተተኩሶ ነበር።

ቀስ_በቀስ፦
ከ3 ሳምንቱ በኋላስ?

ፈጣኑ፦
ከዚያ በኋላ ከእሱ ጋር አልሠራንም።

ቀስ_በቀስ፦
እሱን ነው የጠየቅኩህ 🙂 የሰፈር ስም ብቻ እየቀያየሩ ገጽ መደርደር ጎግል በስም ጠቅሶ የሚከለክለው ነገር ነው። በመጋቢት 2024 ደግሞ ደረጃ ለማግኘት ብቻ በገፍ የሚመረቱ ገጾችን የሚከለክል ደንብ አወጣ፤ ሰው ይጻፋቸው ማሽን ለውጥ የለውም። ኤአይ ተጠቅሞ መጻፍ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ማንም የማይፈልገው 200 ገጽ መሆኑ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

መፍቻ17፦ (እሑድ ማታ)
የቤት ሥራዬ ይኸውና። ቃል በቃል ነው፦

"ማሽኑ ውሃውን ይዞ ቁጭ ብሏል"
"ስታሽከረክር ሄሊኮፕተር ነው የምትመስለው"
"አዲስ ማሽን ነው፣ ግን እየተራመደ በሩ ጋ ደረሰ"
"ፍሪጁ ላይኛው በረዶ ነው፣ ታችኛው ግን ወተት አበላሸብኝ"
"ስነካው ይነዝረኛል"
"ፍሪጁ ዝም አይልም፣ ሌሊቱን ሙሉ ያጓራል"
"በሩ ተቆልፎ ልብሴ ውስጥ ቀርቷል፣ ነገ የምለብሰው ነው"

ስጽፋቸው የገረመኝ፣ አንድም ሰው "ጥገና" የሚል ቃል አልተጠቀመም።

ሰያፍ፦
የሚራመደው ማሽን 😂😂 ምን ሆኖ ነው?

መፍቻ17፦
ከፋብሪካ ሲመጣ ከበሮው እንዳይናወጥ ከኋላ በብሎን ታስሮ ነው የሚመጣው። ሳይፈቱት ይሰኩታል። ሲያሽከረክር መላ አካሉ ይዘላል። ብሎኖቹን መፍታት የ10 ደቂቃ ሥራ ነው፤ ማሽኑ ከዚያ በፊት ብዙ ከሠራ ግን ሌላ ነገርም ይጎዳል።

ቀስ_በቀስ፦
አየህ? አሁን ያልከውን እንዳለ ገልብጠህ ገጽ አድርገው። ርዕሱ "አዲስ የልብስ ማጠቢያ ማሽን እየተንቀሳቀሰ ካስቸገረ"። ውስጡ ይሄው ያልከው፣ የብሎኖቹ ፎቶ፣ መቼ ራሱ ይፍታ፣ መቼ ይደውልልህ። አለቀ። 7 ዓረፍተ ነገር አምጥተሃል፣ 7 ገጽ አለህ። በሳምንት አንድ ብትጽፍ ይበቃል።

ስለ አጻጻፍ፦ አንተ "ዕቃ" ብለህ ነው የምትጽፈው፣ ብዙ ሰው "እቃ" ብሎ ይፈልጋል። "ውኃ" እና "ውሃ"ም እንደዚያው። ስልክ ላይ የሚቀለውን ነው የሚጽፈው። ገጽህ ላይ ሁለቱንም እያፈራረቅክ አታበላሸው፤ ርዕሱ ላይ ሰው የሚያዘወትረውን አድርግ፣ የቀረውን እንደ ልማድህ ጻፍ። የትኛው እንደሚዘወተር ከአንድ ወር በኋላ ሰርች ኮንሶል ራሱ ይነግርሃል፤ ሰው ምን ብሎ ጽፎ ገጽህ እንደታየው ዝርዝሩን ያሳያል። አንዳንዱ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እንደሚጽፍም ታያለህ።

ጡረተኛው፦
እኔ የነበርኩበት ጊዜ "ኪወርድ" እያሉ ከገጹ ጀርባ የቃላት መዓት ይደረደር ነበር። ያ አሁንም አለ?

ቀስ_በቀስ፦
አንዳንድ ሰው አሁንም ያስከፍልበታል ጋሼ። ጎግል ያንን መስመር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው በይፋ የተናገረው። እርስዎ ሳይከፍሉበት አልቀሩም?

ጡረተኛው፦
ከፍያለሁ። በ2013።

ነገረኛው፦
እሺ፣ አሁን ቁም ነገር ልናገር። ሁላችሁም ስለ ዌብሳይት ታወራላችሁ፣ ለእንደ መፍቻ ዓይነት ሥራ ግን ካርታው ይበልጣል። ሰው ፍሪጁ ሲበላሽበት ጽሑፍ አያነብም፣ ካርታው ሥር ከሚመጡት 3 ስሞች አንዱን ይደውላል። ካርታው ላይ የምትወጣበት የጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ነፃ ነው፣ መፍቻ የለህም አይደል?

አንድ ምክር ከራሴ ውርደት። ቁልፍ እቀርጻለሁ። ፕሮፋይል ስከፍት ብልጥ ነኝ ብዬ ስሙ ላይ "ፈጣን ርካሽ ቁልፍ 24 ሰዓት በር ከፋች መኪና ቤት ካዝና" ብዬ ጻፍኩ። ለ2 ወር ገደማ ከሁሉም በላይ ነበርኩ፣ ማን እንደኔ። ከዚያ ታገድኩ። 60 ምናምን አስተያየቶቼ አብረው ጠፉ። ጥፋቱ የእኔው ነው፤ ደንቡ ላይ በር ላይ የተሰቀለው ስምህ ብቻ ይጻፍ ይላል። ስሙን አስተካክዬ፣ የሱቁን ምልክትና ፈቃዴን ፎቶ ልኬ እስኪመልሱልኝ ድረስ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ የራሴን ቁልፎች ስወለውል ከረምኩ።

መፍቻ17፦
እኔ ግን ሰው ወደ ሱቄ አይመጣም፣ እኔ ነኝ የምሄደው። ሱቁም የዕቃ ማስቀመጫ ነው።

ነገረኛው፦
ለእሱም መንገድ አለው። አድራሻህን ደብቀህ የምትሠራባቸውን አካባቢዎች ብቻ ትመርጣለህ፣ እስከ 20 ድረስ። ባለቤትነትህን ለማረጋገጥ ቪዲዮ ሊጠይቁህ ይችላሉ፤ መሣሪያዎችህን፣ መኪናህን፣ የንግድ ወረቀትህን፣ አካባቢውን እያሳየህ ሳታቋርጥ ትቀርጻለህ። ዋናው ምድብ ላይ ተጠንቀቅ። አንዱን በትክክል ምረጥ፣ ሌላውን ተጨማሪ ላይ አድርግ። ሰዓትህን በትክክል ሙላ። የበዓል ቀን ዝግ ከሆንክ ዝግ በል፤ ሰው ደውሎ ካላነሳህ ሁለተኛ አይደውልም።

ሰያፍ፦
ከካርታው ላይ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ በምን ይወሰናል?

ቀስ_በቀስ፦
ጎግል ራሱ 3 ነገር ነው የሚለው፦ ከተፈለገው ጋር ምን ያህል ትገናኛለህ፣ ለፈላጊው ምን ያህል ቅርብ ነህ፣ ምን ያህል ትታወቃለህ። ርቀቱን ማንም አይሸጥልህም። ማስታወቂያ መክፈልም ከማስታወቂያው ቦታ ውጭ ያለውን ደረጃህን አያነሳም።

በነገራችን ላይ መፍቻ፣ ሱቅህ ውስጥ ቁጭ ብለህ በራስህ ስልክ እየፈለግክ "1ኛ ነኝ" ብለህ አትደሰት። ካርታው ያለህበትን ቦታ ያያል፤ ካንተ ለአንተ የሚቀርብ የለም። ራቅ ያለ ሰፈር ያለ ወዳጅህን ጠይቀው።

መፍቻ17፦
😅 ትናንት ያደረግኩት ይሄንኑ ነበር።

አስተያየቱንስ እንዴት ላድርግ? እህቶቼና የአጎቴ ልጆች 15 ይሆናሉ፣ ሁሉም 5 ኮከብ ሊሰጡኝ ተዘጋጅተዋል።

ነገረኛው፦
ተው! በአንድ ማታ 15 ኮከብ፣ ሁሉም የአባትህ ስም ያላቸው ሰዎች።

ፈጣኑ፦
እኔ ቅናሽ እሰጥ ነበር። 5 ኮከብ ለሰጠ ቅናሽ። ይሠራል።

ቀስ_በቀስ፦
ክልክል ነው። በቅናሽም በስጦታም መለወጥ አይቻልም። የተደሰተውን ብቻ እየመረጡ መጠየቅም ደንቡ ውስጥ ተከልክሏል፤ ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም። መጠየቅ ግን ይቻላል። ሁሉንም ጠይቅ። ፕሮፋይልህ የአስተያየት ሊንክ ይሰጥሃል፣ ሥራ በጨረስክ ማታ ለደንበኛው "ማሽኑ እንዴት ሆነ?" ብለህ ስትልክ ሊንኩን አብረህ ላክ። ከ10 ሰው 2 ከጻፈልህ ጥሩ ነው።

ጡረተኛው፦
መጥፎ የጻፈበትስ?

ቀስ_በቀስ፦
በአጭሩ፣ በትሕትና፣ ስልክ ሰጥቶ መመለስ ነው ጋሼ። መልሱን የሚያነበው ተቆጪው ብቻ አይደለም፣ ቀጣዩ ደንበኛ ነው። አንድ ደንበኛዬ በ3 አንቀጽ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ተጨቃጭቆ፣ ክፍያዋን ስንት ጊዜ እንዳዘገየች ሳይቀር ጽፎባት፣ በመጨረሻ እሱ ትክክል ነበር፤ ግን አንባቢው ሁሉ ከእሷ ጎን ቆመ።

መፍቻ17፦
ዛሬ ደግሞ አንድ ሰው ደወለልኝ። "ጎግል ላይ 1ኛ እንደምናወጣህ ዋስትና እንሰጣለን" አለኝ። ከጎግል ነው የምደውለው ያለም መሰለኝ።

ነገረኛው፦
ዝጋው።

ቀስ_በቀስ፦
ዝጋው። ጎግል ራሱ በጽሑፍ ያስቀመጠው ነገር ነው፤ 1ኛነትን ማንም ዋስትና ሊሰጥ አይችልም። ባለሙያ ከቀጠርክም ውጤት ለማየት ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት እንደሚወስድ ነው የሚናገሩት። አብዛኛውን ጊዜ የእነዚህ ደዋዮች ሥራ ሊንክ መግዛት ነው፣ ማለትም ሌሎች ዌብሳይቶች ወደ ገጽህ እንዲጠቁሙ መክፈል፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ጎግል ያንን የሚለይበት ዘዴ አለው። ይልቅ ዕቃ የምትገዛበት የመለዋወጫ አስመጪ ዌብሳይት አለው? "የሚያውቁን ጠጋኞች" የሚል ገጽ ላይ ስምህን እንዲያስገባ ለምነው። እንደዚያ ያለ አንድ እውነተኛ ሊንክ ከተገዛ መቶ ይሻላል።

ዝምተኛው፦
ሁሉንም አነበብኩ። ግን አሁን ሰው ጎግል ትቶ ኤአይ ነው የሚጠይቀው። ይሄ ሁሉ አልፎበት የለም?

ቀስ_በቀስ፦
ጎግል ከውጤቱ በላይ የኤአይ መልስ ማሳየት የጀመረው በ2024 ነው። እዚያ ለመግባትም የተለየ ቅድመ ሁኔታ የለም ብሏል፤ ገጹ መዝገቡ ውስጥ መኖር አለበት። ስለዚህ ያቺ ሳጥን እዚያም ታስቀረው ነበር። አንድ ነገር ግን ልክ ነህ። መልሱን እዚያው አንብቦ ገጽህን ሳይከፍት የሚሄድ ሰው በዝቷል። "የልብስ ማጠቢያ ምንድን ነው" ብሎ ለሚጽፍ ዌብሳይት ያ ሞት ነው። ለመፍቻ ግን ኤአዩ መጥቶ ብሎን አይፈታለትም።

መፍቻ17፦ (ከ3 ወር በኋላ)
ሰላም፣ ቃል በገባሁት መሠረት ተመልሻለሁ።

6 ገጽ ጽፌያለሁ (ስለ ቦይለር የጀመርኩት አላለቀም፣ ሰነፍኩ)። ፎቶዎቹን ረዳቴ ነው የሚያነሳው። ካርታው ላይ አለሁ፣ 11 አስተያየት አለኝ፣ አንዱ 2 ኮከብ ነው። ዘግይተህ መጣህ ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ይቅርታ ብዬ መልሼለታለሁ። ባለፈው ወር ከዌብሳይቱና ከካርታው የደወሉልኝ 14 ሰዎች ናቸው፤ ደብተር ላይ ነው የምጽፈው። ለብዙ ድርጅት ምንም አይደለም። ለሁለት ሰው ግን ባዶውን ሳምንት ሞላው።

ሰርች ኮንሶል ላይ ከሁሉም በላይ የታየው ገጽ የትኛው ይመስላችኋል? የሚራመደው ማሽን መስሎኝ ነበር። አይደለም። "ማሽኑ ውሃውን ይዞ ቁጭ ካለ" የሚለው ነው። እዚያ ላይ ራሱ የጻፍኩት፣ መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉት፣ ከፊት በታች በኩል ያለችውን ትንሽ በር ክፈቱ፣ ሳህንና ጨርቅ አስቀምጡ፣ ማጣሪያውን ቀስ እያላችሁ ፍቱ፣ ሳንቲምና ቁልፍ የተጠራቀመው እዚያ ነው የሚል ነው። ረዳቴ ተቆጥቶኝ ነበር፣ "ሥራችንን እየነገርክ ማን ይደውልልናል?" ብሎ።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት ሴት ደወለች። "እንደጻፉት አድርጌ አንድ የፀጉር ማስያዣና 3 ሳንቲም አወጣሁ፣ ማሽኑ ሠራ፣ ለማመስገን ነው" አለችኝ። ረዳቴ ስፒከር ላይ እየሰማ ነበር፣ "አላልኩህም?" በሚል ዓይን አየኝ። ልትዘጋ ስትል "ፍሪጅም ትሠራላችሁ እንዴ? የእናቴ ሌሊቱን ሙሉ ያጓራል" አለች።

ነገረኛው፦
ሂሳቡን ስትቀበል ረዳትህን ፎቶ አንሳልኝ።

ጡረተኛው፦
ዶሜይኑ መቼ ነው የሚታደሰው?

መፍቻ17፦
ከ5 ወር በኋላ ጋሼ። በእኔ ኢሜይል ነው፣ ግድግዳው ላይም ጽፌዋለሁ።